ደብረ ፀሐይ ቁስቋም

ደብረ ፀሐይ ቁስቋም (በተለምዶ ቁስቋም) ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በተራራ ግርጌ የሚገኝ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ነው። ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ስሙ የመጣው ድንግል ማርያም ከልጇ ጋር በስደት ሳለች ካረፈችበት ከግብፁ ቁስቋም ሲሆን፣ በዓሉ ኅዳር 6 ቀን ይከበራል።

ምንትዋብ የቋራ ተወላጅ ነበሩ። ባለቤታቸው አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ስለነበር፣ እርሳቸውም ዘውድ ጭነው አብረው ነገሡ። በጣና ደሴት ላይ የሚገኘውን ናርጋ ሥላሴንም ያሠሩት እርሳቸው ናቸው። ቁስቋም ከፋሲል ግቢ ርቆ የተሠራ የእቴጌዋ የራሳቸው መኖሪያ ነበር። ኢያሱ በ1755 ሞተ፤ የልጅ ልጃቸው አፄ ኢዮአስም በ1769 በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገደለ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲደርስ በቁስቋም ግቢ ተቀምጦ ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተ መንግሥት ልጆች አክሟል። እቴጌዋ በ1773 አርፈው እዚያው ተቀበሩ።

ቤተ ክርስቲያኑ እ.ኤ.አ. በ1888 መሐዲስቶች (ደርቡሾች) ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ጠፋ። ዛሬ የሚታየው ክብ ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ብሩስ ያየው ሕንፃ ይህ እንዳልሆነ ጎብኚው ልብ ይበል። ከቤተ መንግሥቱ የቀረው ግን የምንትዋብ ዘመን ሥራ ነው። በድንጋይና በኖራ የተገነባው የግብር አዳራሽ ጣሪያ የለውም፤ ወለሉም ሣር በቅሎበታል። በግድግዳው ላይ ከቀላ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎችና አንበሳ የተቀመጡ አቡነ ሳሙኤል ይታያሉ። ይህ ጌጥ በቀደሙት የፋሲል ግቢ ግንቦች ላይ እምብዛም አይገኝም፤ ብዙ ጎብኚ ግን አንገቱን ቀና ሳያደርግ ያልፈዋል። የእቴጌዋ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ነው የሚባለው አጽም በግቢው ውስጥ በመስታወት ሣጥን ተቀምጧል።

ቁስቋም ከፋሲል ግቢ ጋር በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ፍርስራሹ ከሚቀደስበት ቤተ ክርስቲያን ጋር በአንድ ቅጥር ውስጥ ነው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚገባ ሰው ጫማውን ያወልቃል። መንገዱ ዳገት ነው፤ ከላይ ሆነው ሲያዩ ጎንደር ከነግንቦቿ ትታያለች።