ቱቦው ሲቀረጥ ጥይቷ አልተጠየቀችም

የፈረንጆቹ 2026 ሲገባ አሜሪካ ውስጥ በጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ፣ ማለትም በሳይለንሰር ላይ ይከፈል የነበረው የ200 ዶላር ቀረጥ ወደ ዜሮ ወረደ። ምዝገባው አልቀረም፤ የቀረው ገንዘቡ ነው። ቀረጡ የተደነገገው በ1934 ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ የማፈኛውን የራሱን ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ስለነበር ሕጉ በአዋጅ ያልከለከለውን በዋጋ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ከዘጠና ዓመት በላይ አንዲት ዶላር አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰለትም። አሁን ሲነሣ አንዱ ወገን «ነፍሰ ገዳይ በጸጥታ ሊፈጀን ነው» አለ፤ ሌላው «የጆሮ ጤና ጉዳይ ነው» ብሎ መለሰ። ሁለቱም ስለ ቱቦው ነው የሚያወሩት። ስለ ጥይቷ የጠየቀ ብዙ አላየሁም፤ ታሪኩ ግን ያለው እሷ ዘንድ ነው።

ጦር ሜዳ የዋለ ሰው ያውቀዋል፦ ጥይት ስትተኮስብህ መጀመሪያ ጆሮህ አጠገብ «ጧ» የሚል ስንጥቅታ ትሰማለህ፣ የጠመንጃው ድምፅ ከኋላ ተከትሎ ይመጣል። ሁለቱ የተለያዩ ድምፆች ናቸው። አንዱ ከአፈሙዝ የሚወጣው የባሩድ ጋዝ ነው። ሌላው ከድምፅ የፈጠነችው ጥይት አየሩን ስትቀድ የምትፈጥረው ነው። ይህንን በፎቶግራፍ ያሳዩት ኦስትሪያዊው ኤርንስት ማኽና ባልደረባው ፔተር ሳልኸር ናቸው፤ ውጤታቸው በ1887 ታተመ። የአውሮፕላን ፍጥነት ዛሬም «ማክ» እየተባለ የሚለካው በዚሁ ሰው ስም ነው።

ሃይራም ፐርሲ ማክሲም፣ የመትረየሱ ፈልሳፊ ልጅ፣ በ1909 የማፈኛውን ፓተንት ሲያገኝ የመጀመሪያውን ድምፅ ነው ያደከመው። ሁለተኛውን ምንም ዓይነት ቱቦ አይነካውም፤ ጥይቷ ከአፈሙዝ ከወጣች በኋላ የሚፈጠር ነውና። እሱን ለማጥፋት ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፦ ጥይቷን ከድምፅ በታች ማዘግየት። በ20 ዲግሪ ሙቀት የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ነው። ሙቀቱ ሲወርድ ይህም ይወርዳል። ስለዚህ በሰከንድ 345 ሜትር የምትሄድ ጥይት በዳሎል ሐሩር ያለ ስንጥቅታ ታልፍና በደባርቅ የሌሊት ብርድ ትጮኻለች።

ይህን ሥራ ከማፈኛው በፊት የጀመሩት ቀለህ እየለቀሙ በእጃቸው የሚሞሉ ሰዎች ናቸው። ሐሳባቸውም መደበቅ አልነበረም። በ1880ዎቹ የአሜሪካ ጦር ለየምሽጉ የመሙያ መሣሪያ ያከፋፍል ነበር፤ ወታደሩ ያገለገለ ቀለህ ውስጥ ጥቂት ባሩድና ድቡልቡል እርሳስ አድርጎ በቅርብ ርቀት ይለማመድ ዘንድ። ወጪ ይቆጥባል፣ ትከሻ አይመታም፣ ግድግዳም አያፈርስም። ትንሽ አውሬ የሚያድነውም ሰው ሥጋው እንዳይበታተን ቀለል ያለ ጥይት ይፈልግ ነበር።

ጭስ አልባው ባሩድ ከመጣ በኋላ ነገሩ ከበደ። ፈረንሳዮች በ1886 ለበል ጠመንጃን ሲያወጡ የጥይት ፍጥነት በአንድ ዝላይ ወደ ላይ ወጣ፤ ቀለሁም ለብዙ ኃይል ተብሎ የተሠራ ሆነ። እንዲህ ያለ ሰፊ ቀለህ ውስጥ ጥቂት ባሩድ ሲገባ ወዲያና ወዲህ ይንከባለላል፤ አንዴ ከመለኮሻው አጠገብ፣ አንዴ ራቅ ብሎ። አንዷ ጥይት ፈጥና፣ ቀጣይዋ አዝግማ ትወጣለች። የባሰ ሲሆን አረሩ በርሜሉ ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል፤ ተኳሹ ሳያውቅ ሁለተኛ ከተኮሰ ጠመንጃው ፊቱ ላይ ይፈነዳል። ጸጥ ያለች ጥይት መሥራት ባሩድ መቀነስ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከሞላው ይልቅ የጎደለው ማታለሉ ያልታሰበ ነገር ነው። ከባድ አረር በዝግታ ሲሄድ ደግሞ የበርሜሉ ጥርስ በቂ ሽክርክሪት ካልሰጠው አየር ላይ ይገለባበጣል።

እንግሊዛዊው ዊሊያም ጎድፍሬይ ደ ላይል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይህን ችግር ዞሮት አለፈ። የሊ ኤንፊልድ ጠመንጃ ጥይት በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ትበራለች፤ እሱን ከማዘግየት ይልቅ የጠመንጃውን መቀርቀሪያ አስቀርቶ ለ.45 የሽጉጥ ጥይት አስተካከለው። ይህች ጥይት ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ 260 ሜትር ገደማ ናት። መቀርቀሪያው በእጅ የሚሳብ መሆኑም ጠቀመ፤ በራሱ የሚጎርስ መሣሪያ የራሱ ኳኳታ አለው። የተሠራው 130 ገደማ ብቻ ነው፤ ኮማንዶዎች ተጠቀሙበት። ከተሠሩት ሁሉ ጸጥተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ለዚህም ከቱቦው እኩል ዝግተኛዋ ጥይት ትመሰገናለች።

በእኔ እምነት የ1934ቱ ሕግ አውጪዎች የፈሩት የግማሹን ነገር ነው። የዛሬዎቹ የማፈኛ ወዳጆችም «ጸጥ አያደርግም፣ ጆሮ ነው የሚያድነው» ሲሉ ግማሹን እውነት ይናገራሉ። ፈጣን ጥይት ላይ ትክክል ናቸው፣ ዝግተኛዋ ላይ ግን አይደሉም።

በእጅ ሞይዎቹ ለመቶ ዓመት የለፉበትን ደግሞ ፋብሪካ ወስዶታል። አሜሪካዊው ጄ. ዲ. ጆንስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ትንሽ ቀለህ ላይ ከባድ አረር የምትሸከም «.300 ዊስፐር» የተባለች ጥይት አወጣ፤ ስሟ «ሹክሹክታ» ማለት ነው። የእሷ ቢጤ የሆነችው .300 ብላክአውት በ2011 በኢንዱስትሪው ደረጃ ወጥቶላት አሁን በሱቅ መደርደሪያ ላይ ትገኛለች። ማፈኛውን የሚገዛ አሜሪካዊ አሁንም የጣት አሻራና ፎቶግራፍ ይሰጣል። ዝግተኛዋን ጥይት ግን ያው ሕግ አይመዘግባትም።