እጅጋየሁ ሽባባው፦ ከ«ጉራማይሌ» በፊት የነበሩት ካሴቶች

ድምጻዊትና የዘፈን ደራሲ እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) በ1974 በቻግኒ ተወለደች፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ቻግኒ በአማራ ክልል፣ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የምትገኝ፣ አማርኛና አገውኛ ጎን ለጎን የሚነገሩባት ከተማ ናት። ድምጻዊቷ በቤተሰቧ ቤት ከነበሩ ቄስ ዜማ መማሯን በተለያዩ ጊዜያት ተናግራለች።

ብዙ አድማጭ ጂጂን የሚያውቃት በ2001 በወጣው፣ ስሟን በያዘው አልበም ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀደም፣ በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ፣ «ፀሐይ» እና «ዋን ኢትዮጵያ» የተሰኙ ሥራዎችን አሳትማለች። አዲስ አበባና ናይሮቢ ኖራ ወደ አሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ የተሻገረችውም በዚያው ዘመን ነው። የእነዚህ ሥራዎች ዋና አድማጭ በአገር ውስጥና በውጭ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ነበር።

ጊዜው የካሴት ዘመን ነው። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው የሌሊት ሙዚቃን ስላዳከመ ትልልቆቹ የነፋስ መሣሪያ ባንዶች ተመናምነው፣ ቦታቸውን በአብዛኛው ኪቦርድ ወርሶት ነበር። ከፒያሳ እስከ የካ ሚካኤል በየሰፈሩ ሙዚቃ ቤቶች አዳዲስ ካሴት ያሰሙ ነበር፤ ካሴቱም በአውቶቡስ ተጭኖ እስከ ገጠር ገበያ ይደርሳል። አንድ ጀማሪ ድምጻዊ ለመደመጥ በዚህ መንገድ ማለፍ ነበረበት።

የ2001ዱን አልበም ያሳተመው፣ ቀደም ሲል የቦብ ማርሌይን ሙዚቃ ለዓለም ያስተዋወቀው ክሪስ ብላክዌል ያቋቋመው ፓልም ፒክቸርስ ነው። ቢል ላስዌል ባዘጋጀው በዚህ አልበም ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋራዎ ሳንደርስን የመሳሰሉ የጃዝ ሊቃውንት ተሳትፈዋል። «አባይ»፣ «አድዋ»፣ «ባለ ዋሽንቱ» እና «ጉራማይሌ» የተሰኙት ዘፈኖች በዚሁ አልበም ይገኛሉ። ጉራማይሌ ሁለት ዓይነት ነገር ተቀላቅሎ የሚታይበትን የሚገልጽ ቃል እንደመሆኑ፣ ለሙዚቃዋ መለያ የተስማማ ስም ነው፦ ዜማው የአገር ቤት፣ አጀቡ ከብዙ አገር። በ2003 የወጣው «ዛየን ሩትስ» ወደ ባህላዊ ዜማ ያደላ ሲሆን፣ በ2006 «ጎልድ ኤንድ ዋክስ» ስሙን ከቅኔ ሰምና ወርቅ ወስዶ ተከትሏል።

የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች ዋጋ እዚህ ላይ ይታያል። መለያ ድምፅ በአንድ ቀን አይበቅልም፤ ማሳው አስቀድሞ ይታረሳል። ቀዳሚዎቹን ሥራዎች ከኋለኞቹ ጋር አነጻጽሮ የሚሰማ ሰው፣ ድምጻዊቷ ከአገር ይዛው የወጣችው ምን እንደሆነና ከባሕር ማዶ የተጨመረው ምን እንደሆነ ለመለየት ይችላል። ካሴቶቹ ከጠፉ ግን ይህ ታሪክ ከመካከል ይጀምራል።

አደጋው ደግሞ የሁሉም ድምጻውያን ሥራ ነው። የካሴት ክር ላዩ ማግኔታዊ የብረት ዱቄት የተቀባ ስስ ፕላስቲክ ስለሆነ ሙቀት ያጣምመዋል፣ እርጥበት ያሻግተዋል፣ የድምፅ ማጉያ ማግኔትም ሊደመስሰው ይችላል። ስለዚህ በቤቱ አሮጌ ካሴት ያለው ሰው፦

– ከፀሐይ፣ ከጭስና ከእርጥብ ግድግዳ አርቆ በማኅደሩ ውስጥ ቀጥ አድርጎ ያቁመው፤

– በላዩ ላይ እንዳይቀዳበት በጀርባው ያሉትን ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ መዝጊያዎች ይስበር፤

– የላላውን ክር በእስክሪብቶ አጥንጥኖ፣ የቴፑንም ራስ አጽድቶ ያጫውት፤

– ቴፑ እስካለ ድረስ ድምፁን ወደ ኮምፒውተር ወይም ፍላሽ ይገልብጥ፤ የድምጻዊውን ስምና የታተመበትን ዓመትም አብሮ ይመዝግብ።

ገበሬ ለዘር የሚሆነውን እህል ለይቶ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ በየሳጥኑ ያለው አሮጌ ካሴትም ለነገ የሚተርፍ ዘር ነው።