ዝቅ ያለ መካከል፣ ከፍ ያሉ ጫፎች
የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር፣ ባለ ሦስት ፉርጎ
የተሠራው፦ ቻንግቹን፣ ቻይና
ሥራ የጀመረው፦ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

በበሩ ሲገቡ ደረጃ የለም፤ ወደ ጫፎቹ ሲያልፉ ግን ወለሉ ከፍ ይላል። ምክንያቱ ያለው ከሥር ነው። የግራና የቀኝ መንኮራኩሮችን የሚያገናኘው ብረት ከነሞተሩና ከነማርሹ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ሠሪዎቹ ሞተሮቹን ከጫፎቹ ሥር አስቀምጠው መካከሉን ብቻ ዝቅ አደረጉ። ዝቅተኛው ክፍል ከወለሉ 70 በመቶ ያህል ነው።

የአውሮፓ ፋብሪካዎች ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ለማውረድ ሲሽቀዳደሙ ቆይተዋል። እሽቅድምድሙ ዋጋ አስከፍሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የሲመንስ ኩባንያ ወለሉ ሙሉ በሙሉ ዝቅ ያለ ባቡር፣ «ኮምቢኖ»፣ አካሉ ሲሰነጠቅ በመገኘቱ በርካታ ከተሞች ባቡሮቻቸውን ከመስመር አወጡ። ከዚህ አንጻር የቻንግቹን መንገድ ድፍረት ቢያንሰውም ማስተዋል አያንሰውም።

ዝቅ ያለው ወለል ለአረጋዊና ጋሪ ለሚገፋ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ ስታዲየምን በመሳሰሉ ድልድይ ላይ በተሠሩ ጣቢያዎች፣ ባቡሩ ዘንድ ለመድረስ መጀመሪያ ወደ ላይ መውጣት ግድ ነው። ከተማዋ ከተረከበቻቸው 41 ባቡሮች ብዙዎቹም በኋላ በመለዋወጫ እጥረት ቆመዋል።