የረገበ ዓይን

ስለ ዓይን ግፊት ሲነሳ ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው መጨመሩ ነው፤ የግላኮማ ስም ገንኗል። መውረዱ ግን እምብዛም አይወራም። የጤነኛ ዓይን ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። በኳስ ወይም በቡጢ የተመታ ዓይን አንዳንዴ ከ5 በታች ይወርድና እንደ ላላ ከበሮ ቆዳ ይረግባል።

በ19ኛው መቶ ዘመን ለንደን ላይ የዓይን ሐኪሙ ዊልያም ቦውማን ይህን የሚያውቀው በጣቱ ነበር። በሽተኛው ቁልቁል ሲያይ የላይኛውን ቆብ በሁለት ጣት ቀስ ብሎ ይዳስስና ጥንካሬውን ወይም ልስላሴውን በደረጃ ይመዘግባል። (የቆሰለ ዓይን ግን እንዲህ አይነካም።)

1905 ላይ ቆም ማለት አለብን። ኖርዌያዊው ያልማር ሽዮትዝ ግፊትን በቁጥር የሚለካ መሣሪያ አቀረበ። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ሊዮፖልድ ሃይነ ለግላኮማ አዲስ ቀዶ ሕክምና አስተዋወቀ፤ የዓይንን ፈሳሽ የሚያመነጨውን ሲሊያሪ አካል ከነጩ ግድግዳ ሆን ብሎ ማላቀቅ። ፈሳሹ በስንጥቁ ይሾልካል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ቡጢ በድንገት የሚያደርሰው ጉዳት ያው ራሱ ነው። ሐኪሞች አንዱን ስንጥቅ መክፈት ሲማሩ ሌላውን መዝጋትም መማር ነበረባቸው።

ስንጥቁ ካልተዘጋ የረገበው ግድግዳ ይሰበሰባል፣ ሬቲናውም ይጨማደዳል፤ ሰውየው ሲያነብ መስመሩ ይጣመምበታል። የዓይን ሐኪሙ ዶናልድ ጋስ ይህን የማኩላ (የሬቲና ማዕከል) ጉዳት በ1972 ስም ሰጥቶ ለየው።

ሕክምናው ምክንያቱን ተከትሎ ይሄዳል። ግድግዳው ተቀዶ የሚያፈስ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይሰፋል፤ ሬቲና ከተላቀቀ ይመለሳል። ለትንሽ ስንጥቅ አትሮፒን ጠብታ ይሰጣል፤ የሲሊያሪ አካሉን ጡንቻ አዝናንቶ የተላቀቀውን አካል ወደ ግድግዳው ያስጠጋል። ሳምንታት ተጠብቆ ካልተዘጋ ሌዘር፣ ከዚያም ስፌት ይከተላል።

ለእኔ ግን ትልቁ እርምጃ የመጣው ከስፌቱ ሳይሆን ስንጥቁን ከማየቱ ነው። ደም ባዘለና በረገበ ዓይን ውስጥ ስንጥቁን በመስታወት ሌንስ ፈልጎ ማግኘት እጅግ ያስቸግር ነበር። በ1990 አካባቢ ቶሮንቶ ላይ ቻርልስ ፓቭሊንና ስቱዋርት ፎስተር የሠሩት ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው አልትራሳውንድ ቦታውን ቁልጭ አድርጎ አሳየ።

ይህን ሕክምና የጀመራችሁ፣ ዓይናችሁን በድንገት ቢቆረጥማችሁና ቢያቅለሸልሻችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ። ስንጥቁ ሲዘጋ ግፊቱ በሰዓታት ውስጥ ሽቅብ ሊወጣ ይችላልና በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪማችሁ ሂዱ።