የቅድመ ታሪክ ልብ ወለድ

የቅድመ ታሪክ ልብ ወለድ፣ ጽሕፈት ከመጀመሩ አስቀድሞ በዋሻና በዱር ይኖር የነበረውን የሰው ልጅ ሕይወት፣ ከዐፅምና ከድንጋይ መሣሪያ በቀር ምስክር በሌለበት፣ ደራሲው በሕሊናው ሥሎ የሚተርክበት የድርሰት ዓይነት ነው። በብራስልስ ተወልዶ በፈረንሳይኛ የጻፈው ሮኒ በ1911 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በመጽሐፍ ያወጣው «የእሳት ጦርነት»፣ እሳቱ የጠፋበት ነገድ ሦስት ጎልማሶችን ለፍለጋ ሲልክ የሚተርክ፣ ለዘርፉ አብነት የሆነ ሥራ ነው።

እነዚህ ደራስያን ከሊቃውንት ፍርድ ርቀው አያውቁም። በ1908 በፈረንሳይ፣ ላ ሻፔል ኦ ሳን በተባለ ስፍራ የተገኘውን፣ ኒያንደርታል የተባለውን የጥንት የሰው ዘር ዐፅም የመረመረው ማርስላን ቡል፣ ጉልበቱ የታጠፈ፣ አንገቱን የደፋ፣ አእምሮው የደነዘዘ ፍጡር አድርጎ ስለ ገለጸው፣ ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስም በ1921 ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ ይህንኑ ሰው ጠጉራም ጭራቅ አድርጎ አቀረበው።

ይህን ፍርድ በድርሰት የተቃወመው እንግሊዛዊው ዊልያም ጎልዲንግ ሲሆን፣ በ1955 በወጣው «ወራሾቹ» መግቢያ ላይ የዌልስን ቃል አስቀድሞ ከጠቀሰ በኋላ፣ ትረካውን በሙሉ ያን ቃል ለማፍረስ አዋለው። የእርሱ ኒያንደርታሎች ራሳቸው ገድለው ሥጋ የማይበሉ፣ ሌላ አውሬ የገደለውን ሲያነሡ እንኳ የሚሳቀቁ፣ ከቃል ይልቅ በሥዕለ ሕሊና የሚግባቡ የዋሃን ናቸው። ከመካከላቸው ሎክ የተባለው፣ ከውኃው ማዶ ያለ እንግዳ ሰው አንድ በትር ወደ እርሱ ሲያነሣ ያያል፤ በትሩ ከሁለት ጫፉ ሲያጥር፣ ተመልሶም ሲረዝም፣ ወዲያውም በጆሮው አጠገብ ያለው ዛፍ ድምፅ ሲያሰማና ላባ ያለው ቀጭን እንጨት በግንዱ ላይ ተተክሎ ሲገኝ ይደነቃል። በትሩ ቀስት፣ የተሰነዘረውም ሞት መሆኑን አንባቢው ያውቃል፤ ሎክ ግን ክፋትን ስለማያውቅ አይጠረጥርም። ወደ ፍጻሜው ገደማ ትረካው በድንገት ከሎክ ልቡና ወጥቶ ከሩቅ ሲመለከተው፣ እንደ ወንድም የለመድነው ሰው ስም አልባ ቀይ ፍጡር ሆኖ ይታያል፤ በዚህ ዘርፍ ይህን ያህል ልብ የሚሰብር ስፍራ አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ስትራውስና ኬቭ የተባሉ ሊቃውንት የላ ሻፔሉን ዐፅም እንደ ገና መርምረው፣ ሰውዬው በቍርጥማት የተጐዳ እንጂ ዘሩ ጎባጣ እንዳልነበረ አስረዱ። በዚያው በ1957 ራልፍ ሶሌኪ በኢራቅ ሻኒዳር ዋሻ ያገኘው ዐፅም፣ አንድ ክንዱ የሰለለ፣ አንድ ዓይኑም የተጐዳ ሆኖ ሳለ ብዙ ዘመን የኖረ፣ ስለዚህም ወገኖቹ የጦሩት ሰው ነበረ። አሜሪካዊቷ ጂን አውል በ1980 ባሳተመችው «የዋሻ ድብ ነገድ» ውስጥ፣ አንድ ክንድና አንድ ዓይን ያጣውን ጠቢብ ክሬብን የሣለችው ከዚሁ ሰው ተነሥታ ነው። ድርሰቷ ነቀፋ አያጣውም፤ ኒያንደርታሎቿ የአባቶቻቸውን ትዝታ ይዘው ሲወለዱ አዲስ ነገር መማር የሚያቅታቸው ናቸውና፣ ብልሃቱ ሁሉ ከዛሬው ሰው ዘር ለሆነችው ባዕድ ልጅ ለአይላ ብቻ ይተርፋል።

ፊንላንዳዊው የጥንተ እንስሳት ሊቅ ቢዮርን ኩርቴን በ1978 በጻፈው ልብ ወለድ ከኒያንደርታልና ከዛሬው ሰው ዘር ተዳቅለው የሚወለዱትን ሁሉ መካን ሲያደርጋቸው፣ አውል ግን ለአይላ ከኒያንደርታል የተወለደ ልጅ ሰጠቻት፤ በ2010 የታተመው የኒያንደርታል የዘር ውርስ ጥናትም ከአፍሪቃ ውጭ ባሉ ሕዝቦች ደም ውስጥ የእነርሱ ድርሻ እስከ ዛሬ እንዳለ ሲያረጋግጥ፣ የሊቁ ግምት ሳይሆን የእርሷ ትረካ ከእውነቱ ጋር ገጠመ።