ብርሃኑ ቀድሞ ገባ፣ ማደንዘዣው ዘገየ

እስኪ ከሻማ እንጀምር። በ1806 ገደማ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍላችሁ) ፊሊፕ ቦዚኒ የሚባል የፍራንክፈርት ሐኪም አንድ እንግዳ መሣሪያ ሠራ። የአበባ ማስቀመጫ ይመስላል፤ ውስጡ ሻማና መስታወት አለ፣ ፊቱ ላይ ቱቦ ተገጥሞለታል። ሐሳቡ የሻማውን ብርሃን በቱቦው ልኮ የሰውነትን ውስጥ ማየት ነበር፤ የሽንት ፊኛንም ጭምር።

ቆይ፣ ታካሚውስ? የዚህ ምርመራ ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ መብራትና ስለ ሌንስ ነው። ቱቦው የገባበት ሰው ምን እንደተሰማው የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

መልሱን ለመገመት የሰውነትን አሠራር ማወቅ በቂ ነው። የሴት የሽንት ቧንቧ ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ቀጥ ያለ ነው። የወንድ ግን ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፣ ደግሞም ጠማማ ነው። በዚህ ጠማማ መንገድ ቀጥ ያለ ብረት ሲያልፍ አስቡት! መብራቱም ራሱ አደጋ ነበረው። በ1853 ፈረንሳዊው ዴዞርሞ ያቀረበው መሣሪያ በአልኮልና በተርፐንታይን የሚነድ ፋኖስ ነበረበት፤ ማቃጠሉ የሚያሰጋ ነበር። በ1879 ቪየና ላይ ማክሲሚሊያን ኒትሰ ከመሣሪያ ሠሪው ዮሴፍ ላይተር ጋር ሆኖ ብርሃኑን ጭራሽ ፊኛው ውስጥ አስገባው፤ በኤሌክትሪክ የጋለ የፕላቲነም ሽቦ! ሽቦው ሰውየውን እንዳያቃጥል በመሣሪያው ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ሳያቋርጥ መዘዋወር ነበረበት።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እዚያው ቪየና፣ ካርል ኮለር የሚባል ወጣት ሐኪም ኮኬይን ዓይንን እንደሚያደነዝዝ አረጋገጠ። ወሬው በወራት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ፤ የሽንት ቧንቧ ሐኪሞችም ወዲያው ተሻሙበት። በመጨረሻ ሕመም የሌለው ምርመራ ተገኘ ተባለ። ግን የሽንት ቧንቧ ግድግዳ ስስ ነው፣ በተለይ ከተጫረ መድኃኒቱን ፈጥኖ ወደ ደም ያሳልፋል። አንዳንዶቹ ታካሚዎች ተንቀጠቀጡ፣ የሞቱም ነበሩ። ለመታከም እንኳ ሳይሆን ለመታየት ብቻ መጥቶ መሞት!

ቀጥሎ ያለውን ክፍል እኔ በጣም እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ከገብስ ይጀምራል። በ1930ዎቹ ስቶክሆልም ውስጥ ሃንስ ፎን ኦይለርና ባልደረቦቹ ገብስ ውስጥ ያለ ግራሚን የሚባል ንጥረ ነገር ያጠኑ ነበር። ሆልገር ኤርድትማን የግራሚንን ዘመድ ሠርቶ ቀመሰውና ምላሱ ደነዘዘ። (እናንተ ላብራቶሪ ውስጥ ምንም ነገር እንዳትቀምሱ!) ያንን ፍንጭ የተከተለው ኒልስ ሎፍግሬን በ1943 ሊዶኬይንን አገኘ፤ ባልደረባው ቤንግት ሉንድክቪስት ደግሞ በራሱ ሰውነት ላይ ሞከረው። በ1948 ለገበያ ቀረበ።

ሊዶኬይን የሚሠራው የነርቭን በር በመዝጋት ነው። ነርቭ የሕመም መልእክት የሚልከው ሶዲየም በጥቃቅን በሮች ሲገባ ነው፤ በሩ ከተዘጋ መልእክቱ እዚያው ይቀራል። ዛሬ በጄል መልክ ከምርመራው በፊት በሽንት ቧንቧ ይገባል። ግን ጊዜ ይፈልጋል። ጄሉን አስገብቶ ወዲያው የሚጀምር ሐኪም ማለስለሻ እንጂ ማደንዘዣ አልተጠቀመም ማለት ይቻላል።

ሌላው ለውጥ የመጣው ከመሣሪያው ነው። ሃሮልድ ሆፕኪንስ በ1954 የቀጫጭን መስታወት ክሮች እሽግ ምስል ማስተላለፍ እንደሚችል አሳየ። ክር ይተጣጠፋል! በ1980ዎቹ ተጣጣፊው መሣሪያ በፊኛ ምርመራ እየተለመደ ሲመጣ ጠማማው መንገድ እንደ ድሮው አላስቸገረም።

ምንም ወጪ የሌለው ዘዴም አለ። በምርመራው ጊዜ ፊኛውን ለመሙላት የተሰቀለ የውሃ ከረጢት አለ። መሣሪያው የሽንት መዝጊያውን ጡንቻ ሊያልፍ ሲል ረዳቱ ከረጢቱን ጨመቅ ካደረገው፣ የውሃው ግፊት መንገዱን ከፈት ያደርግለታል። በወንዶች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ሕመሙ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ከሻማው ጀምሮ ይህን ሁሉ መሣሪያ አልፈን እጅ ላይ መድረሳችን ያስገርመኛል።

ከምርመራው በኋላስ? ለአንድ ሁለት ቀን ሽንት ሲሸኑ ማቃጠሉና ሽንቱ ትንሽ ቀላ ማለቱ የተለመደ ነው። ሐኪም ካልከለከለ ውሃ በደንብ መጠጣትና ሆድ ግርጌ ላይ ለብ ያለ ፎጣ ማድረግ ያቀልላል። ትኩሳት ከመጣ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይም የረጋ ደም ከወጣ ግን ቶሎ ወደ ሐኪም ቤት መመለስ ያስፈልጋል። አባታችሁ ወይም አያታችሁ ለዚህ ምርመራ ከተቀጠሩ፣ «ጄሉ ከገባ በኋላ ስንት ደቂቃ ትጠብቃላችሁ?» ብላችሁ ሐኪሙን መጠየቅ ትችላላችሁ።