ድልን ማክበር እስከ የት? የደስታ አገላለጽና ስፖርታዊ ጨዋነት

አቦምሳ፦ በአርሲ ዞን የመርቲ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው አቦምሳም ሆነ ወደ አዳማ አቅጣጫ ባሉት ከተሞች፣ አጥር በሌለው ሜዳ ላይ በሚደረግ የእግር ኳስ ጨዋታ ተጫዋቹን ከተቀያሪውና ከተመልካቹ የሚለየው በኖራ የተሰመረው የጎን መስመር ብቻ ነው። ግብ በተቆጠረ ቁጥር ይህ መስመር ለጥቂት ጊዜ ይጠፋል። ተቀያሪው ይሮጣል፣ አሰልጣኙ ይዘላል፣ ልጆች ሜዳውን ይሞሉታል። ዳኛው ከዚህ ሁሉ የትኛውን ደስታ፣ የትኛውን ጥፋት ብሎ መቁጠር እንዳለበት በየጨዋታው ይፈተናል። ለዚህ ጥያቄ የተጻፈ ሕግ አለ፤ ከሕጉ ያልተናነሰ መልስ የሰጡት ግን የዚሁ ዞን ሯጮች ናቸው።

በእግር ኳስ ሕግ ጉዳዩ የሚገኘው ስለ ጥፋትና ሥነ ምግባር በሚደነግገው አንቀጽ 12 ሥር ነው። ግብ ያስቆጠረ ተጫዋች ደስታውን መግለጽ እንደሚችል አንቀጹ በግልጽ ይፈቅዳል። ቢጫ ካርድ የሚያስከትሉት የሜዳውን አጥር መውጣት፣ ተቃራኒን የሚያናድድ ወይም የሚያላግጥ ምልክት ማሳየት፣ ፊትን በጭንብል መሸፈን እንዲሁም ማሊያ ማውለቅ ናቸው። ግቡ በኋላ ቢሻር እንኳ ካርዱ አይነሳም። ለደስታ የባከነው ጊዜም በባከነ ሰዓት ላይ ይታሰባል።

ከእነዚህ ሁሉ ለመረዳት የሚያስቸግረው የማሊያው ነገር ነው። በ2002 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ አንድሬስ ኢንዬስታ ለስፔን ብቸኛዋን ግብ ሲያስቆጥር ማሊያውን አውልቆ ከውስጥ የለበሰውን አሳየ፤ የተጻፈበት በሕይወት የተለየው ወዳጁ ዳኒ ሃርኬ ስም ነበር። ማንንም አልሰደበም፣ ወደ ማንም አልዞረም። እንግሊዛዊው ዳኛ ሃዋርድ ዌብ ግን ቢጫውን ከማውጣት ሌላ አማራጭ አልነበረውም።

የተቀያሪዎችና የአሰልጣኞች ሁኔታ ከዚህ ይጠብቃል። ከ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ ዳኛው ለአሰልጣኝ፣ ለሐኪምና ለቡድን መሪም ቢጫና ቀይ ካርድ ማሳየት ይችላል። ጥፋቱን የሠራው ማን እንደሆነ ካልታወቀ ካርዱ የሚያርፈው በቴክኒክ ክልሉ ውስጥ ባለው ከፍተኛ አሰልጣኝ ላይ ነው። ይህ ድንጋጌ በወረዳና በትምህርት ቤት ውድድሮች ላይ በሚገባ ቢታወቅ ብዙ ግርግር ባስቀረ ነበር፤ አሰልጣኙ የራሱን ወንበር የመቆጣጠር ኃላፊነት በእጁ እንዳለ ይነግረዋልና።

የጎን መስመሩ ሲጣስ የሚከተለውን ኢትዮጵያ በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. አይታዋለች። በወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲና በመከላከያ መካከል በአዲስ አበባ ስታዲየም በተደረገ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ፣ ግብ ባጸደቀው የመሐል ዳኛ ላይ ጥቃት ተፈጸመ፤ ፌዴሬሽኑም የሊጉን ጨዋታዎች እስከማቋረጥ ደረሰ። የአንዱ ወገን ደስታ የሌላው ቁጣ መነሻ በሆነበት ቅጽበት ከሜዳው ዳር የሚነሳ አንድ ሰው ምን ያህል እንደሚወስን ይህ ክስተት ያሳያል።

ይህንኑ ጉዳይ ከሁሉ በላይ በዝርዝር የደነገገው ምናልባት የአሜሪካ እግር ኳስ ሳይሆን አይቀርም። ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞ በሚሮጥበት በዚያ ጨዋታ፣ ጨዋነት የጎደለው ድርጊት ቡድኑን 15 ያርድ፣ ማለትም 14 ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ያስመልሳል። የአገሪቱ ትልቁ ሊግ ኤንኤፍኤል ለዓመታት በዚህ ረገድ እጅግ ጥብቅ ስለነበር ተመልካቾች በስሙ ፊደላት እየቀለዱ «ደስታ የሌለበት ሊግ» ይሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ሊጉ ላላ፤ ተጫዋቾች በቡድን ሆነው እንዲያከብሩ፣ መሬት ላይ እንዲተኙ፣ ኳሷንም ለትርኢታቸው እንዲጠቀሙባት ፈቀደ። ያልተፈቀደው ጨዋታን የሚያጓትት፣ ጸያፍ የሆነና በተቃራኒ ተጫዋች ላይ ያነጣጠረ ትርኢት ነው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በኒውዮርክ ጃይንትስ ዘንድ የታወቀው፣ ባሸነፈ አሰልጣኝ ላይ ከኋላ መጥቶ የመጠጥ በርሜል የመድፋት ልማድ የሜዳ ዳር ወግ ሆኖ የቀረውም ለዚህ ነው። የሚርሰው የራስ ሰው ነው።

በዚያው ስፖርት አስቀድሞ መደሰት የሚያመጣው መዘዝም በአፈ ታሪክ ደረጃ ይወራል። እ.ኤ.አ. በጥር 1993 የሱፐር ቦውል ፍጻሜ የዳላሱ ሊዮን ሌት ኳሷን ይዞ ብቻውን ወደ መስመሩ ሲገሰግስ ፍጥነቱን ቀንሶ እጁን ዘረጋ፤ የቡፋሎው ዶን ቢቢ ከኋላ ደርሶ ኳሷን ከእጁ መታት። ዳላስ 52 ለ 17 አሸንፎ ነበርና ጉዳቱ ከኀፍረት አላለፈም። ኢትዮጵያዊው ሐጎስ ገብረሕይወት ግን ዋጋ ከፍሏል። በሰኔ 2011 ዓ.ም. በሎዛን በተካሄደ የ5 ሺህ ሜትር ውድድር ያሸነፈ መስሎት ቆሞ ሲደሰት አንድ ዙር ይቀረው ነበር። ድሉ የዮሚፍ ቀጀልቻ ሆነ፤ ሐጎስ አሥረኛ ወጣ።

በተሸናፊ ላይ ማላገጥ ለአገራችን ባህል እንግዳ ነው ማለት ግን አይቻልም። በገና ጨዋታ ሩሯን ለግቶ ያሸነፈው ወገን ተሸናፊውን በግጥም ይሸነቁጠዋል፤ በዚያን ዕለት ጌታው በሎሌው ቀልድ እንደማይቆጣ የሚናገር ብሂልም አለ። ፈቃዱ የሚጸናው ለጨዋታው ዕለት ብቻ ነው፤ በማግሥቱ ጌታው ጌታ፣ ሎሌውም ሎሌ ነው። በኦሮሞ ባህል ደግሞ ትልቅ አውሬ የገደለ ወይም በጦርነት የጀገነ ሰው ጌረርሳ ያሰማል። ጀብዱውን የሚተርከው ለወገኑ ነው፤ የሚያከብረውም የሰማው ወገኑ ነው።

የአገራችን አትሌቶች በድል ጊዜ ካሳዩት ውስጥ ከሁለቱም የተለየ፣ መልእክት የተሸከመም አለ። መሠረት ደፋር በ2004 ዓ.ም. በለንደን 5 ሺህ ሜትሩን እንዳሸነፈች ከደረቷ የእመቤታችንን ምስል አውጥታ ለዓለም አሳይታለች፤ በእግር ኳስ መሣሪያ ላይ የሃይማኖት መልእክት መያዝ የተከለከለ ሲሆን እርሷን ግን የከሰሳት አልነበረም። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በሪዮ ማራቶን ሁለተኛ የወጣው ፈይሳ ሌሊሳ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ መስመሩን ሲያልፍ ያሳየው ምልክት በወቅቱ በኦሮሚያ የነበረው ተቃውሞ ምልክት ነበር። የኦሊምፒክ ቻርተር አንቀጽ 50 በውድድር ሥፍራ ፖለቲካዊ መግለጫን ቢከለክልም ሜዳሊያው አልተነጠቀም። ወደ አገሩ የተመለሰው ከሁለት ዓመት በኋላ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነው። የእርሱ ምልክት ደስታ ነበር ለማለት ያስቸግራል፤ አብረውት በሮጡት ላይ ያልተቃጣ መሆኑ ግን አያጠራጥርም።

አበበ ቢቂላ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲጨርስ ሁለተኛው ሯጭ ገና ከአራት ደቂቃ በላይ ይቀረው ነበር። አበበ በሜዳው መሐል ሣር ላይ ተኝቶ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ሳምንታት ብቻ ማለፋቸውን ለሚያውቅ ተመልካች ከዚህ የበለጠ ትርኢት አልነበረም። ጭፈራም፣ ፉከራም፣ የተቀሰረ ጣትም አልታየበትም።

ከሁሉም በላይ በዓለም መታሰቢያ ሆኖ የቀረው ግን የበቆጂዋ ተወላጅ ደራርቱ ቱሉ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ያደረገችው ነው። ከጀርባው ያለውን ታሪክ ማወቅ ትርጉሙን ያሰፋዋል። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከ1960 የሮም ኦሊምፒክ ወዲህ ለ32 ዓመታት አልተሳተፈችም ነበር። ኢትዮጵያ በበኩሏ ከደቡብ አፍሪካ ጋር በተያያዘው የአፍሪካ አገሮች ተቃውሞ የ1976ቱን የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ትታ ወጥታለች፤ በዚህም ምሩጽ ይፍጠርን የመሰለ ሯጭ በጥሩ ዘመኑ ሳይሮጥ ቀርቷል። የ1984ቱና የ1988ቱ ውድድሮችም አለ ኢትዮጵያ አልፈዋል። ሁለቱም አገሮች በባርሴሎና የተገናኙት ከረጅም መራራቅ በኋላ ነበር፤ ደቡብ አፍሪካውያኑ በብሔራዊ ሰንደቅ ዓላማቸው ሳይሆን ለዚያ ጊዜ በተዘጋጀ ልዩ ዓርማ ሥር ነበር የተሰለፉት።

በ10 ሺህ ሜትሩ ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ከሌሎቹ ስታፈተልክ የተከተለቻት የ20 ዓመቷ ደራርቱ ብቻ ነበረች። ሜየር መሪነቱን እንድትቀበላት ብትፈልግም ደራርቱ ከኋላዋ አልተነቃነቀችም። የመጨረሻው ዙር ሲቃረብ አለፈቻትና በ31 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ጨረሰች። ሜየር ከአምስት ሰከንድ በኋላ ደረሰች። ደራርቱ በዚያ ድል በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆናለች፤ ብቻዋን ሰንደቋን ይዛ ብትዞር ማንም ቅር አይለውም ነበር። እርሷ ግን ሜየርን ጠበቀቻት፣ ተቃቀፉ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘውም ስታዲየሙን አብረው ዞሩ። አንዷ ጥቁር፣ ሌላዋ ነጭ፣ ሁለቱም አፍሪካውያን ነበሩ። አፓርታይድ ሊያበቃ ሁለት ዓመት ሲቀረው የታየው ይህ ዙር በየትኛውም ደንብ ላይ አልተጻፈም።

ደራርቱ ከዚያ በኋላ በሲድኒ ዳግም ወርቅ፣ በአቴንስ ነሐስ አግኝታለች። በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ዕድሜዋ 37 ሆኖ በኒውዮርክ ማራቶን ስትሮጥ፣ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤቷ እንግሊዛዊት ፓውላ ራድክሊፍ ከመሪዎቹ ወደ ኋላ መቅረት ስትጀምር ዞራ አብራት እንድትመጣ አበረታታቻት። ራድክሊፍ አልቻለችም፤ በአራተኛነት ጨረሰች። ውድድሩን ደራርቱ አሸነፈች።